ባሌ ሰመራ፣ እኔ ጎንደር፤ በስልክ የምናወራው እያለቀብን ነው

የማራኪዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ባንክ ቤት እሠራለሁ። ባለቤቴ ሰርቬየር ነው፤ አፋር ውስጥ በአንድ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ይሠራል፤ ካምፓቸው ከሰመራ ወጣ ያለ ነው። አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለን።

ጠብ የለንም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለሰው ባወራሁ ቁጥር «ምን አድርጎሽ ነው?» ስለምባል ነው። ምንም አላደረገኝም። ደመወዙን ይልካል፣ ማታ ማታ ይደውላል። ግን ስልኩ ላይ የምንባባለው ይኸው ነው፦

«እንዴት ዋልሽ?»
«ደህና። አንተስ?»
«ደህና፤ ሙቀቱ ነው እንጂ።»
«በላህ?»
«በላሁ። ልጁስ?»
«ተኝቷል።»
«እሺ በቃ፣ ደህና እደሪ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ስንት ልነግረው የነበረ ነገር ትዝ ይለኛል። አከራያችን ኪራይ ልትጨምር ነው። እናቴን ጉልበቷን አሟታል። ግን «ደክሞት ይሆናል፣ ለምን አስጨንቀዋለሁ» እልና እተወዋለሁ። እሱም እንደዚያው ነው። ወባ ይዞት ተኝቶ እንደነበር የሰማሁት ከዳነ በኋላ፣ ያውም ከሥራ ባልደረባው ሚስት ነው።

ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንግዳ ነው። ስኳሩ የት እንዳለ ይጠይቀኛል። ባለፈው ሲመጣ ልጁ ወደ ጓዳ ጠራኝና «አባባ ዛሬም እኛ ቤት ነው የሚያድረው?» አለኝ። አባቱ ሰምቷል። ምንም አልተናገረም፤ ፊቱን ግን አይቼዋለሁ።

ለሥራ ተለያይታችሁ የምትኖሩ፣ እንዴት ነው የያዛችሁት? «ሥራውን ትቶ ይምጣ» የሚለውን አውቀዋለሁ። ለጊዜው አይሆንም። ሌላ ያላችሁን ንገሩኝ።

የአዘዞው

እህቴ፣ እኛም እንደዚያው ነን። ባለቤቴ ባሕር ዳር ታስተምራለች፣ እኔ ጎንደር ነኝ። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቅርብ ይመስላል። መንገድ ሲዘጋጋ ግን ባሕር ዳርም አሜሪካ ይሆናል።

የስልክ ወሬያችሁን ሳነብ አንድ ነገር ታየኝ። «እንዴት ዋልሽ» ለጎረቤትም ይባላል። መልሱም ያው «ደህና» ነው። ባልና ሚስትን የሚያገናኘው የቤቱ ጉዳይ ነው። አንቺ ደግሞ እሱን ነው የደበቅሽው። ኪራዩን፣ የእናትሽን ጉልበት። እንዳይጨነቅ ብለሽ ነው፣ ይገባኛል። ግን ጭንቀቱን ስታስቀሪለት ቤቱንም አብረሽ ታስቀሪበታለሽ።

እኛ ቤት የተስማማነው የቤቱን ነገር አንዳችን ብቻችንን እንዳንጨርስ ነው፣ ትንሽም ቢሆን። በቀደም ጤፍ ልገዛ ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። ነጩን በእፍኜ ይዤ ፎቶ አነሳሁ፣ ሠርገኛውንም እንደዚያው፤ ላክሁላት። ክፍል ውስጥ ነበረች። ከእረፍት ስትወጣ «ነጩ አሸዋ ያለው ይመስላል፣ ጥርስህ ላይ ሞክረው» ብላ ጻፈችልኝ። ቆረጠም ሳደርገው እውነትም አሸዋ አለው። ሠርገኛውን ገዛሁ። ማታ ስንደዋወል የምናወራው አላጣንም፤ ሻጩ ያለኝን፣ የሸክሙን ዋጋ፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ሁሉንም።

ጤፍ መግዛት ያቅተኛል ወይ? አያቅተኝም። ግን ቤቱ ያለ እሷ መሄድ ከለመደ፣ እሷ ስትመጣ የምትቀመጥበት ታጣለች። ባልሽ ስኳር የት እንዳለ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

የሰሊጥ ገበሬ ሚስት

የአዘዞው ልክ ብለሃል። እኔ ልጨምር።

የእኔ ባል መተማ በኩል ሰሊጥ ያርሳል። ክረምት ለዘርና ለአረም ይወርዳል፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለአጨዳ። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ቆባው ይከፈትና ፍሬው መሬት ይረግፋል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን «ና» አይባልም። ሠርግ ይሁን ልደት፣ አይባልም። እርሻው ላይ ኔትወርክ የለም። ገንዳ ውኃ ከተማ ሲወጣ ብቻ ነው የምናገኘው።

እኔ ቴሌግራም ላይ ድምፅ እቀዳለታለሁ። ቁጭ ብዬ አይደለም፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ልጆቹ እየተጣሉ፣ ጎረቤት በር እያንኳኳ። ከተማ ሲወጣ ሁሉም አንድ ላይ ይገባለታል። ሲመለስ መንገድ ላይ እያዳመጠ ይሄዳል። «የልጆቹን ጭቅጭቅ ስሰማ ነው ቤት የገባሁ የሚመስለኝ» ይለኛል። የተዘጋጀ ንግግር ብልክለት ይህን አይልም ነበር።

በ2015 መጨረሻ ዳታ ሲዘጋብን በወረቀት ጽፌ በሹፌር ላክሁ። ከመናኸሪያ ከበሶው ጋር ይጫናል። አሁንም ዳታ እያለ ወረቀቱን አልተውኩትም። በሶ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ በላክሁ ቁጥር ውስጡ ትንሽ ወረቀት አለ።

ቀጥ ያለ ነገር

እኔ ግልጹን እናገራለሁ። ትዳር ማለት አንድ ጣሪያ ሥር መኖር ነው። ይህ ሁሉ ፎቶና ድምፅ ማስታገሻ ነው። ልጁ አባቱን እንግዳ አድርጎ ካየ ነገሩ ከስልክ አልፏል። ያነሰ ደመወዝ ይዞ ጎንደር ይምጣ። ገንዘብ ይመጣል፣ የልጅነት ዕድሜ ግን አይመለስም።

የማራኪዋ

ቀጥ ያለ ነገር፣ አልተቀየምኩህም። ያልከው ሌሊት የሚያባንነኝ ነገር ነው። ግን ጎንደር ውስጥ በሙያው ሥራ ሳይፈልግ ቀርቶ አይደለም። ጠይቋል፣ ማመልከቻ አስገብቷል። ዛሬ ሥራውን ጥሎ ቢመጣ በእኔ ደመወዝ ኪራይ ከፍለን ልጁን ትምህርት ቤት መላክ አንችልም። እናቱንም የሚጦረው እሱ ነው። ብዙ ሰው የሚለያየው ገንዘብ ወድዶ አይደለም።

የአዘዞው፣ የጻፍከውን ማታ ለባለቤቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ኪራዩ ስንት ሊሆን ነው?» አለኝ። ከዚያ ረጅም ጊዜ አወራን።

ፒያሳ ሰፈር

እህቴ፣ ሁሉም ሰው ስለ ወሬ ያወራል። እኔ ግን ሎኬሽኑን ክፈት በዪው እላለሁ። ካምፕ ውስጥ ያለ ወንድ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? ማታ ቪዲዮ ደውይለት፣ ክፍሉን ያሳይሽ።

የአዘዞው

ፒያሳ ሰፈር፣ ይህን አልቀበልም። ሰውየው ቀኑን ሙሉ በዚያ ፀሐይ ቆሞ ውሎ ማታ «ክፍልህን አሳየኝ» ከተባለ ስልኩን ማንሳት ራሱ ያስጠላዋል። የተጠረጠረ ሰው ያሰበውን አይናገርም፣ የሚያስመሰግነውን ብቻ ነው የሚናገረው። እሷ ደግሞ ጠርጥሬዋለሁ አላለችም። ያላሰበችውን አታስገቡባት።

የሰሊጥ ገበሬ ሚስት

እውነት ነው። ደግሞ ጥርጣሬው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አይመጣም፤ ከሰፈር ነው የሚመጣው። ቡና ላይ «ያንቺስ መቼ ይመጣል?» የምትል አትጠፋም። ዓይኗ ግን ሌላ ነው የሚለው። እኔ መልሴ አንድ ነው፣ «ሥራው ሲያልቅ»። ከዚያ በላይ አልሰጥም። ለባሌ ግን የተባልኩትን እነግረዋለሁ። እሱም እዚያ የሚባለውን ይነግረኛል። ሐሜቱን አስቀድመን እኛው ካወራነው መርዙ ይወጣል።

ጡረተኛ መምህር

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ። እኔ በ1970ዎቹ ወለጋ ተመድቤ ሳስተምር ባለቤቴ ከሁለት ልጆች ጋር እዚህ ጎንደር፣ አራዳ ነበረች። ስልክ ብርቅ ነበር። ቴሌ ሄዶ በኦፕሬተር ማስጠራት፣ ወረፋ መጠበቅ፣ መስመሩ ሲገኝ ደግሞ እየጮኹ ማውራት ነበር። ስለዚህ ዋናው ደብዳቤ ነው።

የዘመኑን ደብዳቤ ታውቁት ይሆናል። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ሁሉም እንደዚያ ይጽፋል። የእኔ ባለቤት ግን ይህን በአንድ መስመር ጨርሳ ወደ ጉዳይዋ ትገባለች። ትልቁ ልጅ ያጎደለውን ጥርስ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ የቱ ጋ እንደሚያፈስ፣ ዕድር ውስጥ ማን ከማን እንደተጋጨ። ስለ ቆርቆሮው ትጠይቀኛለች፤ «በሬንጅ ይደፈን ወይስ ይቀየር?» ትለኛለች። ደብዳቤው ደርሶ መልሱ እስኪመለስ ክረምቱ ሊወጣ ይችላል። እሷ ይህ ጠፍቷት አይደለም። እስካሁን የማደንቃት ለዚህ ነው። ስመለስ ቤቴን አውቀዋለሁ። የትኛው ጥግ እንደሚያፈስ አውቃለሁ። ልጄን «ጥርስህ በቀለ?» ስለው ሮጦ ጭኔ ላይ ወጣ።

ልጄ የማራኪዋ፣ ልጅሽ ያለውን ለአባቱ ስብራት አታድርጊው። ሕፃን የሚያየውን ነው የሚናገረው። አባቱ ከቤቱ ጉዳይ ውስጥ ካለ ልጁም ያየዋል።

የማራኪዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህንንም አነብለታለሁ።

ልጁ ግን ስልክ ላይ አያወራም። «አባባን ሰላም በለው» ስለው ሰላም ይልና ይሮጣል። ቪዲዮ ላይም የራሱን ፊት እያየ ይጫወታል። ምን ይደረጋል?

የሁለት ልጆች አባት

እኔ ጋምቤላ እሠራለሁ፣ ቤተሰቤ ጎንደር ነው። የአምስት ዓመት ልጅ «ዛሬ ምን አደረግክ?» ብትይው «ምንም» ነው የሚልሽ። አብሮ የሚሠራ ነገር ይፈልጋል። እኔ ለልጄ በየማታው ተረት እነግራታለሁ፤ የጦጣና የአንበሳ፣ የአያ ጅቦ። አልጨርሰውም። «ጅቡ በሩን አንኳኳ» እልና «ነገ» እላታለሁ። አሁን «አባባ ደወለ?» የምትለው እሷ ናት።

ሌላው፣ ቪዲዮውን ለጨዋታ ተዉት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስደግፊውና ልጁ ይሥል፣ እራቱን ይብላ፣ አባትየውም እዚያ እራቱን ይብላ። ሁልጊዜ ማውራት የለባቸውም። ሰው ቤቱ ውስጥስ ሁልጊዜ ያወራል እንዴ?

ሲመጣ ስላለው ነገር ደግሞ ለባልሽ ልንገረው። ወንድሜ፣ ቤት በገባህበት ቀን ልጁን ለመቅጣት አትቸኩል። «ይህ ልጅ ቀበጠ» ማለት ይመጣል፣ አውቃለሁ። በሩቅ የቆየ አባት የመጀመሪያ ቀኑን በቁጣ ካሳለፈ ቀሪውን ፈቃድ ልጁን በማባበል ይጨርሰዋል። ጠዋት ትምህርት ቤት አድርሰው፣ መልሰው። ዳቦ ቤት አብራችሁ ሂዱ። ሥራ ያዝ እንጂ ዳኛ አትሁን።

ነርሷ

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ ከሥራዬ የማየው ስለሆነ ነው።

አንደኛ፣ የእርግዝና መከላከያ። ባላቸው ሩቅ የሚሠራ እናቶች «የለም እኮ፣ ለምን እወስዳለሁ» ብለው ያቆማሉ። ከዚያ ድንገት ይመጣል። እሱ በመጣ ቀን ክኒን መጀመር አያስተማምንም። ክኒን በየቀኑ ሲወሰድ ነው የሚሠራው፤ ከወር አበባ ጋር ሳይገጣጠም መሃል ላይ ከተጀመረም እንደ ዓይነቱ እስከ ሰባት ቀን መጠበቅ ወይም ኮንዶም መጨመር ያስፈልጋል። ክንድ ላይ የሚቀበረው ሦስት ወይም አምስት ዓመት ይቆያል፤ ባሏ መቼ እንደሚመጣ ለማታውቅ ሴት ይህ ይቀላል። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተማከሩ።

ሁለተኛ፣ ምርመራ። አብሮ ኤች አይ ቪ መመርመር መጠራጠር አይደለም። ረጅም ጊዜ ተለያይቶ የሚኖር ባልና ሚስት እንደ ልምድ ቢይዘው ለሁለቱም እፎይታ ነው። አንዱ ብቻ «ተመርመር» ሲባል ነው ጠብ የሚነሳው፤ «እንመርመር» በሉ።

ሦስተኛ፣ ቆላ የሚሠሩ ባሎች። የሰሊጥ ገበሬ ሚስት፣ ይህ ለአንቺም ነው። መተማና ሁመራ በኩል ከወባ ሌላ ካላዛር አለ። የሚያስተላልፈው ትንሽዬ የአሸዋ ዝንብ ነው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውየው ከከሳ፣ በግራ ጎኑ ሆዱ ካበጠ፣ «ወባ ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ አይቀመጥ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው። ካልታከመ ይገድላል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል። ባል ሕመሙን ከሚስቱ መደበቁ እኮ አንዳንዴ ሕይወት ያስከፍላል። የማራኪዋ፣ «ሲያምህ በዕለቱ ንገረኝ» ብለሽ ቃል አስገቢው።

የሰሊጥ ገበሬ ሚስት

ነርሷ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። አጎበር ይዞ ነው የሚወርደው፣ ግን ሌሊት ውጭ እንደሚተኙ አውቃለሁ። ይህን ዛሬውኑ ቀድቼ እልክለታለሁ።

የሕግ ባለሙያ

በአጭሩ ሁለት ነገር።

ተለያይቶ መኖር በራሱ ትዳሩን አያፈርሰውም። የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ተለያይተው ለመኖር መስማማት እንደሚችሉ ይፈቅዳል። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በትዳር ላይ እያሉ ሁለቱም በሥራቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው። «እሱ ነው የሚልከው፣ የእሱ ገንዘብ ነው» የሚባል ነገር የለም፤ ያንቺም ደመወዝ እንደዚያው።

ፈቃድን በተመለከተ፣ ባለቤትሽ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆነ የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሠራተኛው ከጠየቀና አሠሪው ከተስማማ ፈቃዱን ለሁለት መክፈል ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ዓመቱን ሙሉ ጠብቆ አንዴ ይመጣል። በደብዳቤ ይጠይቅ፣ ግልባጩንም ይያዝ።

የአዘዞው

ይህ ፈቃድ ለሁለት መክፈሉ ትልቅ ነገር ነው። ቀኑ አስቀድሞ መታወቁ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። እኛ ስንለያይ ሁልጊዜ የሚቀጥለውን ቀን ተነጋግረን ነው። መንገድ ቢያበላሸው እንኳ ሌላ ቀን እንተካለን እንጂ «እናያለን» አንልም። «እናያለን» ሲበዛ ሰው መጠበቅ ያቆማል።

ከዚያ በላይ ደግሞ የመጨረሻውን ቀን። ይህ ኑሮ እስከ መቼ ነው? ቀጥ ያለ ነገር የተናገረው አነጋገሩ ቢከብድም ፍሬ አለው። እኛ የእሷ ዝውውር እስኪመጣ ድረስ ብለናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ካልመጣ እኔ ወደ ባሕር ዳር እሄዳለሁ። ተጽፎ የተቀመጠ ነገር የለም፣ ግን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ገንዘቡንም ለዚያው ነው የምናጠራቅመው።

ቀጥ ያለ ነገር

አሁን ተግባባን። እኔም ያልኩት ማለቂያ ይኑረው ነው። እህቴ፣ ቃሌ ከብዶሽ ከሆነ ይቅርታ።

የማራኪዋ

አልከበደኝም፣ ወንድሜ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ያለንበትን ልንገራችሁ። ለባለቤቴ ሁሉንም አንብቤለታለሁ፤ የነርሷን ሁለት ጊዜ። የኪራዩን ነገር እሱ ራሱ አከራያችን ጋ ደውሎ ተነጋገረ። ድሮ እኔ ነበርኩ የምጨርሰው። ጭማሪውን ሙሉ በሙሉ አልተወችውም፣ ግን ቀንሳለች። ደውሎ ሲነግረኝ ድምፁ ሌላ ነበር፤ ካገባሁት ሰው ጋር ያወራሁ መሰለኝ።

ልጁ ተረቱን ወድዶታል። አባቱ ተረት አያውቅም ነበር፤ እዚያ አብሮት የሚሠራ ሰውዬ እያስተማረው ነው።

ማለቂያውንም ተነጋገርን። ፕሮጀክቱ እስኪያልቅ ይቆያል፤ ለሌላ ፕሮጀክት «ወደዚህ ሂድ» ቢሉት ግን ሳንመካከር እሺ አይልም። እስከዚያ በእኔ ስም የምናጠራቅመው ገንዘብ ወደዚህ ሲመለስ ሥራ እስኪያገኝ የምንኖርበት ነው። ቴሌብር ላይ የሚልከውን ለሁለት ከፍለነዋል፤ ለወሩ ወጪና ለመመለሻው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የመጀመሪያውን ፈቃድ ለጥምቀት ልናደርገው ነው። ልጁ ከተራ ላይ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ከአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ እንዲያይ እፈልጋለሁ። በአውሮፕላን ከሰመራ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጎንደር ነው የሚመጣው። ትኬት መቼ ብንቆርጥ ይሻላል?

የሁለት ልጆች አባት

ፈቃዱ እንደጸደቀ ቁረጡት፣ አንድ ቀንም አትቆዩ። ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ በረራው ቶሎ ይሞላል። ጥር 10 ከተራ ስለሆነ ቢያንስ ጥር 8 አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲያርፍ አድርጉ። አዲስ አበባ ላይ ግንኙነቱ ከተበላሸ አንድ ቀን መጠባበቂያ ይኖረዋል። የመመለሻውንም አብራችሁ ቁረጡ፤ ከበዓሉ ማግስት የሚመለሰው ሕዝብ ይብሳል።

የማራኪዋ

እሺ። ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ፤ ማመልከቻውን ነገ ያስገባል።